የወር አበባዋ ያልታየ፣ ሆዷ ግን በየወሩ የሚታመም የ14 ዓመት ልጅ፦ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ አክስት፣ ከሐይቅ (ጥር 13)

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ስለ እህቴ ልጅ ነው። ዕድሜዋ 14 ዓመት ከ7 ወር ሲሆን፣ ወላጆቿ ተንታ ገጠር ስለሚኖሩ እዚህ ሐይቅ እኔ ዘንድ ሆና 8ኛ ክፍል ትማራለች። ጡቷ ካጎጠጎጠ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቁመቷም ከእኩዮቿ አያንስም፤ የወር አበባ ግን እስከ ዛሬ አልታየባትም። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ከእምብርቷ በታች ብርቱ ቁርጠት ይይዛታል። መጀመሪያ የበላችው ነገር ይሆናል ብዬ አልፌው ነበር። ሲደጋገም ግን ቀኑን በደብተሯ የኋላ ሽፋን ላይ መጻፍ ጀመርኩ፦ ጥቅምት 12፣ ኅዳር 10፣ ታኅሣሥ 9፣ ጥር 7። በመጣ ቁጥር አራት አምስት ቀን ይቆይና ይለቃታል፤ የሚቀጥለው ካለፈው ይብሳል።

በመጀመሪያ የጨጓራ፣ ቀጥሎ የአሜባ መድኃኒት ተሰጣት። በታኅሣሥ አንድ ክሊኒክ አልትራሳውንድ አንሥተው የእንቁላል ማምረቻዋ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት አለ አሉን። ሆዷ ከታች በኩል ገፋ ማለቱን ያዩ ሰዎች ሌላ ነገር ማውራት ስለጀመሩ የእርግዝና ምርመራም ተደረገላት፤ ነፃ ናት። ውጤቱን በሰው ፊት ጮክ ብለው ሲነግሩን ነጠላዬን ተከናንባ ያለቀሰችው ለቅሶ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ጥር 9 ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ሽንቷ እምቢ አለ፤ ማታ ጤና ጣቢያ በቱቦ ሲያወጡላት ብዙ ወጣ፣ ቁርጠቱም ቀለል አላት። አሁን አንድ ባለሙያ «ከታች የተጠራቀመ ነገር አለ፣ በመርፌ ልምጠጠው» ብሎኛል። ላስመጥጥ ወይ? ሕመሙስ ምንድን ነው? ቀዶ ጥገና ቢያስፈልግ ስለ ድንግልናዋና ወደፊት ስለ መውለዷ ወላጆቿ ሲጠይቁኝ ምን ብዬ ልመልስ?

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ፣ ከመርሳ

እህቴ፣ ቀኑን መመዝገብዎ ትልቅ ነገር ነው። የጻፏቸው አራት ቀናት በ28 እና በ29 ቀን ልዩነት የመጡ ናቸው፤ ጨጓራም አሜባም እንዲህ ያለ የቀን አቆጣጠር አያውቁም። ጡቷ አድጎ፣ ሕመሙ በወር በወር እየመጣ ደም የማይታይ ከሆነ በመጀመሪያ መታሰብ ያለበት የወር አበባው እየመጣ መውጫ ማጣቱ ነው። ደሙ ከማህፀን በታች ባለው የብልት ቧንቧ ውስጥ በየወሩ ይጠራቀማል፤ ቧንቧው ሲወጠር የፊኛውን መውጫ ስለሚጫነው ሽንት ይቋጠራል፣ ከኋላ ደግሞ ሰገራ ይደርቃል፣ ወገብም ያማል።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ማየት ነው። በጤና ጣቢያ ሕይወቴ ያዘንኩበት ነገር ቢኖር እንዲህ ያሉ ልጆች ሦስት አራት ቦታ ታክመው ማንም ገልጦ አለማየቱ ነው፤ ልጅ ናት ብለን እኛ እናፍራለን፣ እሷም ታፍራለች። ምርመራው ከባድ አይደለም። ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይነገራታል፣ ፈቃዷ ይጠየቃል፣ እርስዎ ራስጌዋ ይቆማሉ፤ በጀርባዋ ተኝታ ጉልበቷን አጥፋ ትከፍትና ባለሙያዋ በዓይን ብቻ ታያለች። ጣትም መሣሪያም አይገባም። ስትስል ወይም ስታምጥ ከብልቷ መግቢያ ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ የተወጠረ ስስ ሽፋን ወደ ውጭ ከተነፋ ነገሩ ያው ነው። በሕፃንነቷ ተገርዛ እንደሆነም ለባለሙያዋ ይንገሩ፤ የግርዛት ጠባሳ ተጣብቆ መውጫውን የሚያጠብበት ወይም የሚዘጋበት ጊዜ አለና።

ሽንቷ ዳግመኛ ከቆመ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ካስመለሳት ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ይውሰዷት።

መልስ፦ እናት፣ ከኮምቦልቻ

አብሽሪ እህቴ። የኔም ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ13 ዓመቷ፣ ይኸው ደርሶባት ነበር። እሷን ያስቸገራት ከሆዷ ይልቅ ወገቧና የሰገራ ድርቀት ስለነበር ለአምስት ወር ያህል ተንከራተትን። እኛ በዱዓ፣ ጎረቤታችን በጸበሏ ስንለምንላት ከርመን፣ በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ገልጣ አየቻትና በደቂቃ ውስጥ ነገረችን። በማግስቱ ቀዶ ጥገናው ተሠራ። የወጣውን ደም በዕቃ አሳይተውኛል፤ ከመኪና ሞተር እንደሚቀዳ የተቃጠለ ዘይት የጠቆረና የወፈረ ነበር። ይህን የምጽፍልሽ ያን ስታዪ እንዳትደነግጪ ነው፤ የቆየ ደም ስለሆነ እንጂ የተበላሸ የሰውነት ክፍል አይደለም። ልጄ ከሰመመኑ ስትነቃ መጀመሪያ የተናገረችው «ቀለለኝ» የሚል ነበር።

ባለቤቴን የከበደው የድንግልናው ነገር ነበር። ሐኪሟ ምን ሕመም እንደነበረና ምን እንደተሠራ በማኅተም ጽፋ ሰጠችን፤ ወረቀቱን ከልደት ካርዷ ጋር በሳጥን አስቀምጬዋለሁ። እናንተም ሳትጠይቁ እንዳትወጡ።

መልስ፦ ስሜ ይቆይ፣ ከወልድያ

የእኔ ጉዳይ ተቃራኒ ቢሆንም ሌሎች አንባቢዎች እንዳያደባልቁት ልጻፍ። እኔም የወር አበባ አላየሁም፤ ነገር ግን አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም። ሰውነቴ እንደ ማንኛዋም ሴት አድጓል። በ19 ዓመቴ በተደረገልኝ ምርመራ እንቁላል ማምረቻዎቼ ደኅና እንደሆኑ፣ ማህፀን ግን ከተፈጥሮ እንዳልተሠራልኝና የብልት ቧንቧዬም አጭር እንደሆነ ታወቀ። አንድ ኩላሊት ብቻ እንዳለኝም ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። በየወሩ የሚታመም ሰውና ምንም የማያመው ሰው አንድ ዓይነት መልስ ሊሰጣቸው አይገባም። ለእኔ ለዓመታት «ይመጣል፣ ጠብቂ» ይሉኝ ነበር። መጠበቁ ከችግሩ ራሱ በላይ ጎድቶኛል።

መልስ፦ የማህፀንና ፅንስ ሐኪም፣ ከደሴ

የተጻፈውን በሙሉ አንብቤዋለሁ። ልጅቷን ሳላይ ይህ ነው ብዬ መቁረጥ አልችልም፤ ነገር ግን የተነገረው ታሪክ የሚያመለክተው የተዘጋ መውጫን ነው፣ መጥፋት ያለበትም ጊዜ የለም። አንዲት ልጅ 15 ዓመት ሞልቷት፣ ወይም ጡቷ ማጎጥጎጥ ከጀመረ ሦስት ዓመት አልፎ የወር አበባ ካላየች ምርመራ ይገባታል የምንለው ሕመም ለሌለባት ነው። በየወሩ የሚመላለስ ሕመም ካለ ዕድሜ አይጠበቅም።

መርፌውን በተመለከተ፦ እባክዎን አያስመጥጡ። የቆየው ደም ወፍራም ስለሆነ በመርፌ ቀዳዳ በቅጡ አይወጣም፤ ቀዳዳው ግን ለባክቴሪያ በር ይከፍታል። እስከዚያ ቀን ንጹሕ ሆኖ የተቀመጠው ደም መግል ከሆነ በኋላ ኢንፌክሽኑ ወደ ማህፀንና ወደ ማህፀን ቱቦዎች ሊወጣ ይችላል፤ ወደፊት መውለድን የሚያሰጋውም ይኸው ነው። ባለሙያው የተጠራቀመ ነገር መኖሩን ማስተዋሉ ደግ ነው፤ ሥራው ግን የቀዶ ጥገና ክፍል ሥራ ነው።

መዘጋቱ ከአንድ በላይ መልክ አለው፤ ከመቁረጥ በፊት የትኛው እንደሆነ መለየት ግድ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የምናገኘው ከመወለድ በፊት መከፈት የነበረበት የመግቢያው ስስ ሽፋን ሳይከፈት ሲቀር ነው፤ ከ1,000 እስከ 2,000 ከሚሆኑ ሴት ልጆች በአንዷ ገደማ ይታያል። ሲታይ የሚነፋውና ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ይህ ነው። ከዚህ ያነሰ ቁጥር ያላቸው ልጆች ደግሞ መግቢያቸው ክፍት ሆኖ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ቧንቧውን በአግድም የዘጋ ግድግዳ አላቸው፤ ሲታይ አይነፋም፣ ቀለሙም አይለወጥም፣ ግድግዳውም ከአንድ ሳንቲ ሜትር ሊወፍር ይችላል። ስስ ሽፋን ነው ተብሎ ይህን የቆረጠ ሰው ፊኛውን ወይም ደንዳኔውን ሊጎዳ፣ ጠባሳ ጥሎም መልሶ ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ ሲታይ የማይነፋ ከሆነ ቦታውና ውፍረቱ በኤምአርአይ ሳይለካ አይነካም። ሌላም አለ፦ ሁለት ማህፀን ኖሯት አንደኛው ወገን ብቻ የተዘጋባት ልጅ የወር አበባዋን በየወሩ እያየች ሕመሙ ይብስባታል፤ በተዘጋው ወገን ያለው ኩላሊትም አብዛኛውን ጊዜ የለም። የወልድያዋ እህታችን የገለጹት የማህፀን አለመኖር ከ4,500 እስከ 5,000 ከሚሆኑ ሴቶች በአንዷ የሚያጋጥም ነው፤ እዚያም ኩላሊት መታየት እንዳለበት በትክክል ጠቁመዋል።

የታኅሣሡ አልትራሳውንድ ላይ የታየው እብጠት ምናልባት በደም የተወጠረው የብልት ቧንቧ ራሱ ሊሆን ይችላል። የወር አበባ አለማየቷ ለባለሙያው ካልተነገረ ምስሉ በቀላሉ ያሳስታል። አሁን ሲሄዱ «ጡቷ አድጓል፣ ደም አላየችም፣ በየ28 ቀኑ ገደማ ያማታል፣ ሽንቷ ቆሞ ነበር» የሚሉትን አራት ነገሮች ከማንም በፊት ይናገሩ፤ የደብተሩን ሽፋንም ይዘው ይሂዱ። አልትራሳውንዱ በሆድ በኩል ይነሣ፣ ኩላሊቶቿም አብረው ይታዩ።

ስስ ሽፋን ከሆነ ሕክምናው አጭር ነው። በሰመመን ሆና፣ የሽንት ቧንቧዋ እንዳይነካ ቱቦ ይገባላታል፤ ሽፋኑ ይከፈታል፣ ደሙ ይወጣል፣ ትርፉ ተቆርጦ ጠርዙ በሚሟሟ ክር ይሰፋል። ደሙ ቶሎ ይውጣ ብሎ ሆዷን መጫን አይገባም፤ ወደ ቱቦዎቹ ሊገፋው ይችላል። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ለጥቂት ቀናት ጥቁር ደም ስለሚወርዳት ሞዴስ ያዘጋጁላት፤ ከፊት ወደ ኋላ ትታጠብ፣ ምንም ነገር ወደ ውስጥ አታስገባ። ትኩሳት፣ መጥፎ ጠረን፣ ወይም መውረዱ ቆሞ ቁርጠቱ ከተመለሰ ወዲያው ትመለስ።

ስለ መውለድ፦ መዘጋቱ ከመግቢያው ላይ ብቻ ከሆነ ማህፀኗና እንቁላል ማምረቻዎቿ ጤነኞች ናቸው፤ ጊዜዋ ሲደርስ እንደማንኛዋም ሴት ትወልዳለች። በዘገየ ቁጥር ደሙ በቱቦዎቹ አልፎ ወደ ሆድ ዕቃ ስለሚፈስ ሌላ ሕመም ሊያስከትል ይችላል፤ የምቸኩልባችሁም ለዚህ ነው። ስለ ድንግልና ሲጠይቁዎት ይህን ይበሉ፦ ድንግልና ከወንድ ጋር ያለመድረስ ነገር ነው፤ ሐኪም በሕመም ምክንያት የከፈተው ሽፋን ከእሷ የሚወስደው ነገር የለም። በእርግጥ የሽፋኑ መኖርና አለመኖር ስለ አንዲት ልጅ ጠባይ የሚያስረዳው ነገር የለም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር ሆኖ የድንግልና ምርመራ እንዲቀር ጠይቋል። ይህም ሆኖ የአካባቢያችንን ነገር አውቃለሁና ወረቀቱ ይጻፍላት። ቤተሰቡ ሽፋኑ ከሞላ ጎደል እንዲተርፍ የሚፈልግ ከሆነም ከቀዶ ጥገናው በፊት ይንገሩ፤ መሐሉን ብቻ ከፍቶ ቀለበቱን የመተው አሠራር አለ፣ ለእሷ ይሆን እንደሆነ ግን የሚወስነው የሚያክማት ሐኪም ነው።

መልስ፦ የጤና መረጃ ሠራተኛ፣ ከደሴ

በአጭሩ፦ ልጅቷ ለአካለ መጠን ስላልደረሰች አባቷ ወይም እናቷ ለፊርማ ከተንታ ይምጡ። የጤና መድኅን ደብተሩ በወላጆቿ ስም ከሆነ አብሮ ይምጣ፣ የሪፈር ወረቀትም ከጤና ጣቢያ ይያዝ። ሽንቷ ከቆመ ግን ደብተር ፍለጋ አይጠበቅም፤ በድንገተኛ በኩል ትገባለች።

ጠያቂዋ እንደገና (የካቲት 8)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወስጃት አዋላጇ መጋረጃ ጋርዳ አየቻት፤ ስታምጥ ሽፋኑ እንደተባለው ተነፍቶ ሰማያዊ ሆኖ ታየ። ሪፈር ተጽፎ፣ እህቴ ከተንታ በሌሊት ተነሥታ ደርሳልን፣ ጥር 18 ደሴ ላይ ተሠራላት። ሐኪሙ የወጣው ደም አንድ ሊትር ሊሞላ ትንሽ እንደቀረው ነግሮናል፤ ኩላሊቶቿም ሁለቱም አሉ። የታኅሣሡ እብጠት ዛሬ በአልትራሳውንድ የለም።

እህቴ ወረቀቱን ሳታነብ ሁለት ጊዜ አጥፋ ከጉያዋ ከተተችው፤ ማንበብ ስለማትችል ልጇ ራሷ እያንዳንዱን ቃል አነበበችላት። የካቲት 5 ጠዋት ደግሞ ልጅቷ ከጓሮ ተመልሳ ደብተሩን ጠየቀችኝና ከአራቱ ቀናት በታች በራሷ እጅ አምስተኛውን ጻፈች። ሆዷን ትንሽ ቆረጣት፣ ሻይ ጠጥታ ትምህርት ቤት ሄደች። የስድስት ሳምንቱ የክትትል ቀጠሮ መጋቢት 1 ነው።