ጎንደር፦ ሌላ ሰው የጣለው ስልክ፣ የስክሪኑን ሒሳብ ማን ይክፈል?

ፎቶ_ግንብ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ፋሲል ግንብ ዙሪያ ፎቶ የምናነሳ ልጆች አንድ ነገር ላይ መስማማት አቅቶናል። እንግዳ ወይም ሙሽራ በካሜራ ከተነሳ በኋላ «እስቲ በእኔም ስልክ አንድ አንሳን» ብሎ ስልኩን ይሰጣል። ስልኩ ከእጅ ያመልጥና ድንጋይ ላይ ያርፋል። ባለቤቱ «አዲስ ግዛልኝ» ይላል፤ የጣለው ደግሞ «ለውለታ ብዬ በያዝኩት ምን ዕዳ አለብኝ» ይላል። ማን ነው ልክ? መክፈል ካለስ የሚከፈለው የስልኩ ዋጋ ነው፣ የስክሪኑ ነው ወይስ የመስታወቱ ብቻ? አንዱ ጥገና ቤት «መስታወቱ ብቻ ይቀየራል» ሲል አጠገቡ ያለው «ሙሉ ስክሪን ካልሆነ አይሆንም» ይላል። ሳጥኑ ላይ የወታደር ጥንካሬ አለው ተብሎ የተጻፈበት ስልክስ ከወገብ ከፍታ ወድቆ እንዴት ይሰበራል? ዋስትና ይሸፍነዋል?

ቦርድ_ጠጋኝ

ከሒሳቡ በፊት የተሰበረውን ለዩ። ስክሪን የምንለው ተደራርቦ የተጣበቀ ነገር ነው፤ ከላይ መስታወት፣ ቀጥሎ ንክኪ የሚቀበለው ክፍል፣ ከሥር ምስሉን የሚያወጣው ፓነል፤ እሱም ወይ ኤልሲዲ (ከጀርባው መብራት የሚያስፈልገው) ወይ አሞሌድ (ራሱ የሚያበራ) ነው። በብዙ አዳዲስ ስልኮች ንክኪው ፓነሉ ውስጥ ገብቷል።

ሳምሰንግ ከሆነ መደወያው ላይ *#0*# ስትጽፉ የመሞከሪያ ገጽ ይከፈታል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊውን አንድ በአንድ ሙሉ ስክሪን አድርጋችሁ እዩ፤ ከዚያ የንክኪውን ሣጥኖች በጣት ሙሏቸው። በሌሎቹ ስልኮች የአንድ መተግበሪያ ምልክት ተጭናችሁ ይዛችሁ ስክሪኑን ከጥግ እስከ ጥግ ጎትቱት፤ መንገድ ላይ ከለቀቀ እዚያ ቦታ ንክኪው ሞቷል። ምስሉ ሙሉ፣ ንክኪውም ሙሉ ሆኖ ስንጥቅ ብቻ ከታየ የተሰበረው መስታወቱ ነው። ቀለም የፈሰሰ የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም አረንጓዴ መስመር ካለ ግን ነገሩ ፓነሉ ጋ ደርሷል። አሞሌድ ላይ ጥቁሩ ቦታ እያደር ይሰፋል፤ ሽፋኑ ከተከፈተ አየርና እርጥበት ስለሚገባበት ነው። ስለዚህ «ትንሽ ናት» ተብሎ በዕለቱ የተዘጋ ሒሳብ ሳምንት ሳይሞላው ጠብ ይሆናል። ኤልሲዲ ሆኖ ስክሪኑ ከጨለመ በባትሪ መብራት አብርታችሁ ተመልከቱት፤ ምስሉ ደብዝዞ ከታየ የጠፋው የጀርባ መብራቱ ነው እንጂ ምስል የሚሠራው ክፍል አይደለም።

ሁለቱም ጥገና ቤቶች አልዋሹም። መስታወት ብቻ ለመቀየር ማሽን ያስፈልጋል፦ ስክሪኑ ወደ 80 ዲግሪ በሚሞቅ ሰሌዳ ላይ ይቀመጣል፣ ከፀጉር በቀጠነ ሽቦ መስታወቱ ከፓነሉ ይላቀቃል፣ የቆየው ማጣበቂያ ይጠረጋል፣ አዲሱ መስታወት አየር በሚመጥ ማሽን ይለጠፋል፣ በመጨረሻም አረፋው በግፊት ይወጣል። ማሽን የሌለው ሰው በእጅ ከሞከረው አቧራና አረፋ ይቀራል፤ ሽቦው ትንሽ ዝቅ ካለም ፓነሉ ያልቃል። ጠርዙ የታጠፈና ተጣጣፊ አሞሌድ የሆነው በተለይ አይምርም። ሥራው ሳይጀመር አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ስትለያየው ፓነሉ ቢሞት ሒሳቡ የማን ነው?» መልስ የሌለው ቤት አትስጡ።

ሙሉ ስክሪን ሲቀየር ዋናው ክርክር ኦርጅናልና ኮፒ ነው። አሞሌድ የነበረው ስልክ ላይ ርካሽ ኤልሲዲ ኮፒ ሲገጠም ከስክሪኑ ሥር ያለው የጣት አሻራ መሥራት ያቆማል፤ ብርሃኑ በዚያ ፓነል አያልፍማ። ኮፒው ስለሚወፍርም ከፍሬሙ በላይ ይቆማል፤ ቀጣዩን ውድቀት መጀመሪያ የሚቀበለው እሱ ነው። አይፎን ከ11 ጀምሮ ኦርጅናል ያልሆነ ስክሪን ሲገጠምለት ቅንብሩ ውስጥ ማስታወቂያ ያወጣል።

የጥገናውን ቅደም ተከተልም በዓይናችሁ ተከታተሉ። ስልኩ ይጥፋ፣ የሲም መሳቢያው ይውጣ፣ ከሁሉ በፊት የባትሪው ማያያዣ ይነቀል። ባትሪው እንደተሰካ ስክሪን የሚነቅልና የሚሰካ ሰው የጀርባ መብራቱን መስመር ቦርዱ ላይ ሊያቃጥል ይችላል። አዲሱ ስክሪን ሳይጣበቅ ይሰካና ይሞከር፤ ንክኪው አራቱም ጥግ ላይ፣ ድምፁ፣ ስትደውሉ ጆሮ ጋ ሲጠጋ ስክሪኑ መጥፋቱ ሁሉ ይታይ። ፍሬሙ ላይ ማስመሪያ አስተኙና ሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ እዩ። ጥጉ ላይ በትንሹ እንኳ የታጠፈ ፍሬም አዲሱን ስክሪን ሳይወድቅ ይሰነጥቀዋል፣ ከዚያ «ኪስ ውስጥ እንዳለ ተሰበረ» ይባላል። ባትሪው ካበጠም እንዲሁ ነው፤ ከውስጥ ይገፋል፣ ሳይቀየር ስክሪን መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ሙጫው (ቲ-7000 የሚሉት ጥቁሩ) በመቆንጠጫ ተይዞ ጥቂት ሰዓት ይቆይ፤ በደንብ የሚደርቀው ግን ከ24 እስከ 48 ሰዓት ነው። የተከፈተ ስልክ ውኃ ይቋቋማል ብላችሁ አትመኑ።

ፍርድ_ሸንጎ

የማን ነው ለሚለው፦ በ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 መሠረት በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን ይክሳል። ቁልፉ ቃል «ጥፋት» ነው። ለውለታ መያዝ ብቻውን ነፃ አያወጣም፣ መውደቁ ብቻውንም ተጠያቂ አያደርግም። በአንድ እጅ ካሜራ፣ በሌላው ስልክ ይዞ ደረጃ ላይ ወደኋላ እየሄደ ሲያነሳ ከጣለ ጥፋት አለ። ተጠንቅቆ በሁለት እጁ ይዞ ሳለ የሚሮጥ ልጅ ቢገፋው ጥያቄው ወደ ልጁ ይዞራል፤ ልጁ አካለ መጠን ካልደረሰ በቁጥር 2124 ኃላፊነቱ አባት ላይ ይወድቃል። ባለቤቱም ያጠፋበት ቦታ ካለ፣ ለምሳሌ እጅ ሳይቀበለው ለቅቆት ከሆነ፣ ካሳው በዚያ ልክ ይቀንሳል።

መጠኑ ደግሞ ቁጥር 2091 ላይ ነው፦ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሆናል። ስለዚህ ስክሪኑ ተሰብሮ አዲስ ስልክ መጠየቅ አያስኬድም። በሌላ በኩል የኦርጅናል አሞሌድ ካሳ በኮፒ ኤልሲዲ አይከፈልም፤ ከላይ ወንድማችን እንዳለው የጣት አሻራው አብሮ ይሄዳል። ያንኑ ዓይነት ስክሪንና የእጅ ዋጋ፣ ይኸው ነው።

ሳጥን_አንባቢ

ስለ ጥንካሬው ብቻ ልመልስ። ሚል-ስታንዳርድ-810 የሚባለው የአሜሪካ ጦር የዕቃ ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ በ810ጂ እትሙ የውድቀት ፈተናው 26 ጊዜ ከ122 ሳንቲ ሜትር መጣል ነው፤ የሚያርፍበት ግን በኮንክሪት ላይ የተዘረጋ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ጣውላ ነው። የእኛ ኮብልስቶን ጣውላ አይደለም። የድንጋዩ ጫፍ መላውን ኃይል አንዲት ነጥብ ላይ ያሳርፈዋል፤ መስታወት ደግሞ ደካማው በጠርዙ ነው። አምራቹ ራሱ ሞከርኩት ሊል ስለሚችልም ጽሑፉ ብቻ ምስክር አይሆንም። አይፒ68 የሚለው ስለ አቧራና ውኃ ነው፣ ስለ መውደቅ አንድም ቃል የለበትም። በመከላከያ ግላስ ላይ ያለው «9ኤች» የእርሳስ ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ይጭረዋል።

ዋስትና፦ የአምራች ዋስትና የፋብሪካ ጉድለትን ነው የሚይዘው፣ ወድቆ የተሰበረን አይደለም። ሳይወድቅ መስመር ያወጣ ወይም ንክኪው የተወ ስልክ ሌላ ጉዳይ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ደረሰኝ ያስፈልጋል። ጥጉ ላይ የመመታት ምልክት ካለ ግን ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ እሱን ነው።

ፎቶ_ግንብ

እናመሰግናለን። አንድ ቀረ፦ ስልኩ ቀድሞ ትንሽ ስንጥቅ ከነበረውስ? ጥገና ቤት ውስጥስ ቢብስ?

ቦርድ_ጠጋኝ

የቆየ ስንጥቅ ጠርዙ ውስጥ አቧራና የኪስ ቆሻሻ ስለሚይዝ ጥቁር ይሆናል፤ አዲሱ ንጹሕ ነው፣ ሲነካም ይቆርጣል። በአጉሊ መነጽር ይለያል። ቀድሞ የነበረ ካለ የጣለው ሰው ሙሉውን አይክፈል፤ ግማሽ ለግማሽ ተብሎ በሽማግሌ የሚያልቅ ነገር ነው። ለምሳሌ ስክሪኑ ከነእጅ ዋጋው 8000 ብር ቢሆን 4000 ለ4000።

ጥገና ቤት ውስጥ ስክሪኑ ሲነቀል ስንጥቁ መስፋቱ የማይቀር ነው፣ የጠጋኙ ጥፋት አይባልም። የጣት አሻራውን ወይም የማብሪያውን ፍሌክስ (ቀጭን ተጣጣፊ) ገመድ መበጠስ ግን የእሱ ነው። ስለዚህ ስታስረክቡ ስልኩ በርቶ እያለ የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ንክኪ፣ አሻራ፣ ሁለቱም ካሜራዎች፣ ቻርጅ።

ፍርድ_ሸንጎ

ለእናንተ ሥራም ይኸው ይበቃል። ስልኩን ከመቀበላችሁ በፊት ባለቤቱ ፊት ስክሪኑን አንዴ እዩት፣ ማንጠልጠያ ካለው እጃችሁ ላይ አጥልቁት።

ቦርድ_ጠጋኝ

የወጣውን አሮጌ ስክሪንም ጥገና ቤት አትተዉት። መስታወቱ ብቻ ተሰብሮ ፓነሉ ጤነኛ የሆነ ኦርጅናል አሞሌድ ገዢ አለው፤ መስታወት ቀይረው መልሰው ይሸጡታል። ያ ገንዘብ ስክሪኑን ለከፈለው ሰው ነው የሚገባው።