«ፖሊስ የስልክ ተቆጣጣሪ አይደለም» ላሉን

ናቲ፦ ትናንት ማታ ስለ ቤቲንግ፣ ስለ ስፖርት ውርርዱ፣ ስናወራ ጡረተኛው ሳጅን «ፖሊስ የስልክ ተቆጣጣሪ አይደለም፤ ልጁ አልጋው ላይ ተጋድሞ ቢወራረድ ምን ያድርግ?» ብለው ወጡ። ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ። ጋሽ ሳጅን፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ተቆጣጣሪ ካልሆነ የታናሽ ወንድሜን ስልክ መንገድ ላይ ተቀብሎ ምን ይሠራ ነበር? ፓተርኑን አስከፈተው። አቪዬተሩን፣ የውርርድ ጨዋታውን፣ አየ። «ለመወራረድ 21 ሞልቶሃል?» አለው። አልሞላውም። ጣቢያ እንሂድ፣ አይ እዚሁ እንጨርሰው፣ በመጨረሻ 500 ብር። ልጁ በቴሌብር ልላክልህ ቢለው «እሱ ይቅር፣ ካሽ ፈልግ» አለው።

ጡረተኛው ሳጅን፦ አንድ ባለጌ ስላጋጠመህ ተቋሙን በሙሉ አትስደብ። ያንን ልብስ ዕድሜዬን ሙሉ ለብሼዋለሁ። አንድ ኮንስታብል የቤት ኪራይ ከፍሎ ምን እንደሚተርፈው ታውቃለህ? ያልኩት ግልጽ ነው። ቤት ይታሸጋል፣ ስልክ አይታሸግም።

ባለጆተኒ፦ «ቤት ይታሸጋል»! በ2015 የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ቤቲንግ ቤቶችን በጅምላ ሲያሽግ የኛ ሰፈሩም ታሽጎ ነበር። ብዙም አልቆየ፣ መጋረጃ ሰቅሎ «ፑል ቤት» ሆኖ ተመለሰ። ኮምፒውተሩ ከጀርባ ነው። የተበሉት ልጆች የቀደዱት ትኬት ወለሉን ሞልቶታል። ማታ ፓትሮል በር ላይ ይቆማል። ባለቤቱ ወጥቶ መስኮቱ ጋ ጎንበስ ይላል። መኪናው ይሄዳል። እኔ ግን ግብሬን እየከፈልኩ በጆተኒዬ ደንበኛ አጣሁ።

ሕግ ተማሪው፦ ስለ ደሞዝ ከማውራት ቀዳዳውን እንይ። የስፖርት ውርርድ ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራሉ ሎተሪ መሥሪያ ቤት ነው። የሚያሽገው ከተማው። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ ከ1,000 ብር በላይ ካሸነፍክ 15 በመቶ ይቆረጥብሃል ተብሎ ተጽፏል። አንድ እጅ ይፈቅዳል፣ አንዱ ይቀርጣል፣ ሌላው ያሽጋል። መሀል ላይ የቆመው ፖሊስ ደስ ያለውን ይመርጣል። ፈቃድ ያለውን «ተከልክሏል» ይለዋል፣ የሌለውን «ፈቃድህን አምጣ»። ሁለቱም ይከፍላሉ።

ጡረተኛው ሳጅን፦ ማሸጊያ የሚለጥፈው ደንብ አስከባሪ ነው። ከፖሊስ ጋር አታምታታ።

ባለጆተኒ፦ ደንብ አስከባሪ የጉሊት እናቶችን ሽንኩርት ሲበትን እንጂ እዚያ በር ላይ አይቼው አላውቅም።

ሰላም ሰፈር፦ ወንድሜ ደንብ አስከባሪ ነው፣ አፍህን ሰብሰብ አድርግ። ፀሐይ ላይ ውሎ በድንጋይ ተመትቶ የገባበት ቀን አለ።

ባለጆተኒ፦ ወንድምሽን ማን ነካው? ሽንኩርቱን ነው ያልኩት።

የልጆች እናት፦ እናንተ ትሟገታላችሁ፣ እኔ ቤት ያለው ጎረምሳ የትራንስፖርቱን አስይዞ በእግሩ ይመጣል። ፖሊስ በላ አልበላ ግድ የለኝም። በልቶም ቢሆን ይዝጋልኝ።

ናቲ፦ እናቴ፣ በልቶማ አይዘጋም። ከዘጋው ነገ ከማን ይበላል?

ባንኮክ የከረመው፦ ይሄ የኛ ብቻ መሰላችሁ? ታይላንድ ውስጥ በ2016 መስከረም የምክትል ፖሊስ አዛዡ የሱራቻቴ ሃክፓርን ቤት በራሱ በፖሊስ ተፈተሸ። ጉዳዩ የኦንላይን ቁማር ገንዘብ ነው። ሰውየው የለሁበትም ብሏል። መጋቢት ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሱንም አለቃውንም ከቦታቸው አነሷቸው። የኛ ልጆች ሥራ አለ ተብለው በዚያው አገር አድርገው ነው ማያንማር ማጭበርበሪያ ግቢ ውስጥ የተገኙት።

ጡረተኛው ሳጅን፦ ይኸው! እዚያ አዛዡ ይጠረጠራል፣ እዚህ 500 ብር ታወራላችሁ።

ናቲ፦ 500 ብር ትንሽ ናት ነው የሚሉን?

ሕግ ተማሪው፦ ጋሽ ሳጅን፣ እዚያ ነገሩ የተነካው በአካውንት ነው። ብር ከየት ወደ የት ሄደ ተብሎ። እዚህም ጨዋታው ከውጭ ቢመጣ ብሩ የሚያልፈው በባንክና በቴሌብር ነው። ሁሉም መዝገብ ላይ አለ። ፍርድ ቤት ሄዶ ትዕዛዝ አውጥቶ ያንን ማየት ሥራ ነው። የልጅ ስልክ ማስከፈት ሥራ አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 26 ላይ ግላዊ ሕይወትን ይጠብቃል።

ጡረተኛው ሳጅን፦ አንቀጽ ከጠቀስክ ጨርሰው። በሙስና ወንጀሎች አዋጅ 881 ሰጪም ይጠየቃል። የናቲ ወንድም ጉቦ ሰጥቷል።

ናቲ፦ ጎሽ! ልጁ ወንጀለኛ ሆኖ አረፈው። እሺ ይቅረብ፣ ተቀባዩስ?

ጡረተኛው ሳጅን፦ የደረት ቁጥሩን ይዟል?

ናቲ፦ ጃኬት ደርቦበት ነበር።

ጡረተኛው ሳጅን፦ ታዲያ ፖሊስ መሆኑን በምን አወቀ? ያ ሱሪና ጫማ እኮ በየገበያው ይሸጣል። አስመሳይ ስንት አለ።

ናቲ፦ እሺ ጋሽ ሳጅን። የመጣበት ፓትሮልስ ከየትኛው ገበያ ተገዛ?