ከአንድ ፎቶ ውስጥ አብስትራክት ቆርጦ ማውጣት፦ ምን ልለማመድ?

ጀማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ አለኝ። ደረጃ፣ የተላጠ ግድግዳ፣ ውሃ ላይ ያረፈ ነጸብራቅ፣ የተጨማደደ ጨርቅ፣ ያላነሳሁት የለም። ከእነዚህ ፎቶዎች ክሮፕ እያደረግኩ (ከፎቶው የተወሰነ ክፍል ብቻ እየቆረጥኩ) አብስትራክት፣ ማለትም የምን ፎቶ እንደሆነ ሳይለይ በቅርጽና በቀለም ብቻ የሚታይ ምስል መሥራት ፈልጌ ነበር። ችግሩ የደረጃውን ፎቶ ስቆርጠው ያው የደረጃ ቁራጭ ይሆንብኛል። ራሱን የቻለ ምስል አይወጣውም። ምን ዓይነት ልምምድ ትመክሩኛላችሁ? ደግሞስ እስከ የት ድረስ ብቆርጥ ነው ጥራቱ የሚወርደው?

ጥላ ወዳድ፦ መጀመሪያ ደረጃ መሆኑን ምኑ እንደሚያሳብቅ ፈልጊ። መደገፊያው ነው? ደረጃው ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው? ወይስ ጥግ ላይ የቀረ ጫማ? ሰው የነገሩን መጠን የሚገምትበትን ሁሉ ከፍሬም አስወጪ። የሚቀርሽ መስመር፣ ጥላና ቀለም ነው። ከዚያ ፎቶውን ገልብጪው፣ ወይም 90 ዲግሪ አዙሪው። ተገልብጦም ደረጃ ከመሰለ ገና አልጠበበም ማለት ነው።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ፖል ስትራንድ በ1916 የበረንዳ ጥላ ክብ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ አንስቶ ፎቶውን አዙሮታል። ላይና ታቹ ሲጠፋ ዓይን የሚይዘው ቅርጹን ብቻ ነው።

ሌላው ጠርዝ ነው። አራቱንም ጠርዞች አንድ በአንድ እያቸው። መስመር ልክ ማዕዘኑ ላይ ከወጣ ዓይንን ይዞት ይሄዳል። ትንሽ ወደ ጎን ግፊው። ጠርዙን ለመንካት ምንም ያልቀረው ቅርጽ ካለም፣ ወይ በደንብ ቁረጪው ወይ ቦታ ስጪው። እኔ ከማንኛውም ሕግ በላይ የምጨነቀው ለዚህ ነው።

ካሬ፦ የጥራቱን እኔ ልመልስ። ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ ብዙውን ጊዜ 6000 በ4000 ፒክስል ነው። ወርዱንም ቁመቱንም በግማሽ ብትቆርጪ 3000 በ2000 ይቀራል፤ 6 ሜጋፒክስል ማለት ነው። ለኅትመት በኢንች 300 ፒክስል ብንይዝ 25 በ17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣዋል። ወርዱንም ቁመቱንም ወደ ሩብ ካወረድሽው 1500 በ1000 ነው። ለስልክ ስክሪን ይበቃል፣ ሲታተም ግን ወደ 13 በ8 ሴንቲ ሜትር ነው። በስልክ ስታነሺ ዲጂታል ዙም አትጠቀሚ፤ እሱ ራሱ ክሮፕ ነው። ኦሪጅናሉን ደግሞ ሁሌም አስቀምጪ፣ ኮፒው ላይ ሥሪ።

አሮጌ ሌንስ፦ በስክሪን ላይ ብቻ ባትሠሪው ደስ ይለኛል። ፎቶውን አሳትሚና ከጥቁር ካርቶን ሁለት የኤል (L) ቅርጽ ቁረጪ። ሁለቱን ገጥመሽ እያንሸራተትሽ እያሰፋሽ እያጠበብሽ ፈልጊ። እጅ ቀስ ስለሚል ዓይንም ቀስ ይላል። ከዚያ ከአንዱ ፎቶ የማይደራረቡ አምስት ቁራጮች አውጪ። ሁሉም ወርድና ቁመታቸው እኩል የሆነ ካሬ ይሁኑ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀላል ናቸው፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ነው ማየት የሚጀመረው። በሌላ ቀን ያንኑ ፎቶ በቀጭን የ16 በ9 የወርድና የቁመት ምጣኔ ድገሚው።

በነገራችን ላይ፣ ከጎን ብርሃን ያላገኘ ግድግዳ ብትቆርጪው ብትቆራርጪው ግድግዳ ነው።

ጀማሪዋ፦ አመሰግናለሁ! ደረጃውን ገልብጬ መደገፊያውን ሳስወጣው ጥላው ሦስት ማዕዘን ሆኖ ቀረ። ጨርቁ ግን አስቸገረኝ፣ ቀለሙ ሁሉን ይውጠዋል። ጥቁርና ነጭ ላድርገው?

ጥላ ወዳድ፦ ከመቁረጥሽ በፊት አድርጊውና እጥፋቶቹን እዪ። ጨለማው የት ጋ እንደሚከብድ ይታይሻል። እሱን ይዘሽ ቁረጪ፣ ከዚያ ቀለሙን መልሺው። አሁንም ከጮኸ በጥቁርና ነጭ ይቅር።

ካሬ፦ ሁለት ቀለሞች የሚገናኙበት መስመር ካለው ግን ባትነኪው ይሻላል። እዚያ ላይ ምስሉ ራሱ ቀለሙ ነው።