ላይሰንሱ ግድግዳ ላይ፣ ባለላይሰንሱ ሌላ ቦታ፦ ስህተት ሲደርስ ማን ይጠየቃል?

ጠያቂ (ሂርማታ፣ ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ እዚህ ጅማ መርካቶ አካባቢ ስላለ አንድ ፋርማሲ ነው። ባለቤቱ ነጋዴ እንጂ የጤና ባለሙያ አይደለም። የፋርማሲው የብቃት ማረጋገጫ የወጣው በአንድ ፋርማሲስት ኃላፊነትና የሙያ ፈቃድ (ላይሰንስ) ሲሆን፣ እሱ ሌላ ቦታ ቋሚ ሥራ ስላለው ብቅ የሚለው በሳምንት አንዴ ነው። ዕለት ዕለት መድኃኒት የምታድለው ድራጊስቷ (ከፋርማሲስት በታች ያለች የመድኃኒት ባለሙያ) ናት። ሐሙስ ገበያው ሲደራ ግን ገንዘብ ተቀባዩም ከመደርደሪያ እያወረደ ይሰጣል።

አሁን ፋርማሲስቱ ሊለቅ ስለሆነ ቦታው ለአንድ አዲስ ተመራቂ ቀርቦለታል። ሙሉ ቀን መገኘት አይጠበቅበትም፣ ክፍያው በወር ነው። ውሉ ላይ «ለሚደርሰው ማንኛውም ችግር ኃላፊነቱን ባለቤቱ ይወስዳል» የሚል አንቀጽ ገብቷል። የተሳሳተ መድኃኒት ተሰጥቶ ሰው ቢጎዳ ይህ አንቀጽ ልጁን ያድነዋል? ከባለቤቱ፣ ከኃላፊው ፋርማሲስትና መድኃኒቱን ከሰጠው ሰውስ በሕግ የሚጠየቀው ማን ነው?

የውል ወረቀት

አያድነውም። ምክንያቱን ሁለት ቦታ ከፍዬ ላስረዳ፣ ሰው ብዙውን ጊዜ ወንጀሉንና ካሳውን ስለሚያደበላልቃቸው።

ወንጀሉ የግል ነው፤ በውል ለሌላ ሰው አይሸጋገርም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። ንዑስ አንቀጽ 2 እንደ ሐኪምና ሹፌር ያሉ የሰውን ሕይወትና ጤና የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለባቸውን ለይቶ ያወጣና ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት፣ ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ይጥላል። ግልጽ ደንብ ተጥሶ ከሆነ ንዑስ አንቀጽ 3 ይመጣል፤ ያ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ሞት ሳይሆን የአካል ጉዳት ከደረሰ የሚጠቀሰው 559 ነው፤ በባለሙያ ሲፈጸም ከ6 ወር ያላነሰ ቀላል እስራት አለው።

ልብ በሉ፣ ስሙ ስለተለጠፈ ብቻ ማንም አይፈረድበትም፤ ዐቃቤ ሕግ የራሱን ቸልተኝነት ማስረዳት አለበት። ችግሩ የማይገኝ ኃላፊ መሆን ራሱ ቸልተኝነት ሊባል መቻሉ ነው። «እኔ አልነበርኩም» የሚለው መልስ መከላከያ መስሎ ይጀምርና ክሱን ሞልቶ ይጨርሳል።

ካሳውን በተመለከተ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 አለ። ባለሙያ የሙያውን ደንብ ጠብቆ መሥራት አለበት፤ ባለመጠንቀቅ ወይም በቸልተኝነት ግዴታውን ካጓደለ ይከፍላል። ባለቤቱም አያመልጥም፤ በ2130 መሠረት አሠሪ ሠራተኛው በሥራው ላይ ባደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ከአንድ በላይ ሰው ኃላፊ ሲሆን በ2155 በአንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ። ይህም ማለት ተጎጂው ሙሉውን ካሳ ከፈለገው ሰው ላይ መጠየቅ ይችላል፤ እርስ በርስ መተሳሰቡ የእነሱ ጣጣ ነው።

እዚህ ላይ ነው ያ አንቀጽ የሚበላሸው። ተጎጂው የውሉ ተዋዋይ ስላልሆነ አያስገድደውም። በሁለቱ መካከል እንኳ፣ የስምምነቱ ፍሬ ነገር ላይሰንስ ማከራየት ከሆነ ዓላማው ሕገ ወጥ ነውና በ1716 ዋጋ የለውም። ልጁ ካሳ ከፍሎ «ውላችን ላይ ትከፍላለህ ይላል» ብሎ ባለቤቱን ቢከስ፣ የሚያቀርበው ማስረጃ የራሱን ጥፋት የሚመሰክር ወረቀት ይሆናል።

ቢን ካርድ

ሕጉን ከላይ የጻፉት በሚገባ አስቀምጠውታል። እኔ ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ልጨምር፣ ፍርድ ቤትም ሆነ የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚያየው እሱን ነውና።

አንድ ምሳሌ ውሰዱ። ማዘዣው ፉሮሰማይድ 40 ሚሊ ግራም ይላል፤ ለልብ ሕመምተኛ እናት ነው። የወጣላቸው ግሊቤንክላማይድ 5 ሚሊ ግራም ነው፤ የስኳር መድኃኒት። ሁለቱም ትንንሽ ነጭ ኪኒን ሆነው ይመጣሉ። መደርደሪያው በሕመም ዓይነት ሳይሆን በአምራች ኩባንያ ከተደረደረ ደግሞ ሁለት ተመሳሳይ ካርቶኖች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በዚያ ላይ መቀሱ አለ፦ ስትሪፑ (ኪኒኖቹ የታሸጉበት ቅጠል) ለ10 ኪኒን ሲቆረጥ ስሙ የተጻፈበት ጫፍ ይሄድና ለሚቀጥለው ደንበኛ የሚቀረው ምንም ያልተጻፈበት ብርማ ወረቀት ነው። ስሙ፣ ባች ቁጥሩ (የምርት ዙር ቁጥሩ) እና የሚያበቃበት ቀን ያለበት ጫፍ እስከ መጨረሻው ኪኒን ድረስ ቤት ውስጥ መቅረት አለበት፤ ለደንበኛው ደግሞ በፖስታው ላይ ስሙና ጥንካሬው ይጻፍለት። እጅግ ቀላል ነገር ነው፣ እጅግም ይዘነጋል።

የሚያድነው ልማድ ይኸው ነው፦ መለያውን ከመደርደሪያ ሲያወርዱ ማንበብ፣ ሲቆጥሩ ማንበብ፣ ሲሰጡ ለሦስተኛ ጊዜ ማንበብ። ከዚያ «ለምን ሕመም ነው ያዘዘልዎት?» ብሎ መጠየቅ። «ለልብ» ካሉና እጅዎ ላይ ያለው የስኳር ከሆነ ስህተቱ እዚያው ባንኮኒው ላይ ተያዘ። ከሰቃ፣ ከዴዶና ከማና ለሚመጣ ሰው ጥያቄው በአፋን ኦሮሞ ይሁን፤ በማይገባው ቋንቋ የተጠየቀ ሰው ሁሉን ነገር «እሺ» ነው የሚለው።

ስህተቱ ከወጣ በኋላ ከታወቀ፦ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። መዝገቡ ላይ ስልክ የሚጻፈው ለዚህ ነው፤ ወዲያው ደውሉና አስቁሙ። ግሊቤንክላማይድ ከተዋጠ የደም ስኳር ወርዶ ላብ፣ መንቀጥቀጥና መደናገር ይመጣል። ታማሚዋ ራሳቸውን የሚያውቁና መዋጥ የሚችሉ ከሆነ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት ነው፤ ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አይሰጥም። ቢሻላቸውም ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው፣ የዚህ መድኃኒት ኃይል እስከ 24 ሰዓት ስለሚቆይ፣ ኩላሊታቸው ለደከመ አረጋውያንም ከዚያ በላይ። ስኳሩ ከፍ ብሎ እንደገና ይወርዳል፤ «ተሽሏቸዋል» ተብለው ቤት የተመለሱ ሰዎች ሌሊት የሚወድቁት በዚህ ነው።

አብሮ የሚላክ ወረቀት ጻፉ፦ የተሰጠው መድኃኒት ስም፣ ጥንካሬ፣ ስንት ኪኒን፣ በስንት ሰዓት። ድንገተኛ ክፍል ያለው ሐኪም ከልብ ሕመም ጋር አምታቶ ሰዓት እንዳያባክን ነው። ከዚያ ቢጫው ቅጽ (የመድኃኒት ጉዳትና ስህተት ማሳወቂያው) ተሞልቶ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይላካል፤ ነፃ ስልኩ 8482 ነው። ማዘዣውን መደበቅ ወይም መዝገቡን መደለዝ ግን ስህተትን ወደ ጥፋት፣ ጥፋትን ወደ ወንጀል ያሳድጋል።

ጂሬን ማዶ

ስለ ገንዘብ ተቀባዩ ማንም አላነሳም። ያለ ሙያ ፈቃድ የሕክምናና የጤና ሙያ መሥራትን የሚቀጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 535 ከፊቱ አለ። «ሐሙስ ሐሙስ ብቻ» ማለት ልማድ አደረገው ማለት ነው፤ ማቅለያ አይደለም።

ሌላም አለ። ሐሙስ የሚመጣው ብዙው ሰው ማዘዣ የለውም፤ «ያችን ቀይና ቢጫዋን ካፕሱል ስጠኝ» ነው የሚለው። ፀረ ባክቴሪያ ያለ ማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም። ያለ ማዘዣ የሰጠ ሰው የአዳይነቱን ብቻ ሳይሆን የአዛዡንም ቦታ ወስዷል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው የፔኒሲሊን ወገን የሆነውን አሞክሲሲሊን ወስዶ ጉሮሮው ቢዘጋ፣ ያዘዘው ማን ነው ሲባል የሚጠቆም ሌላ ሰው የለም። ከላይ የተጠቀሰው 543 ንዑስ አንቀጽ 3 የሚያስፈራውም እዚህ ላይ ነው።

ጠያቂ (ሂርማታ፣ ጅማ)

አመሰግናለሁ፤ ልጁ እንዳይፈርም ነግሬዋለሁ። የሚለቀው ፋርማሲስትስ? ዝም ብሎ መምጣት ቢያቆም በቂ ነው? ተጎጂስ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው መክሰስ የማይችለው?

የውል ወረቀት

ከመጨረሻው ልጀምር። በፍትሐ ብሔር ሕጉ 2143 መሠረት የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ወንጀልም ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) የሚረዝም ከሆነ ግን ካሳውም በረጅሙ ይሄዳል። ስለዚህ የለቀቀ ሰው ሁለት ዓመት ቆጥሮ እፎይ አይበል። ተጎጂውም በበኩሉ ጥፋቱን፣ ጉዳቱንና ሁለቱ መያያዛቸውን ማስረዳት ስላለበት ማዘዣውን፣ ደረሰኙንና የተረፈውን ኪኒን ከነስትሪፑ ይያዝ።

ቢን ካርድ

ዝም ብሎ መቅረት ከሁሉ የከፋው አካሄድ ነው፤ ስሙ መዝገብ ላይ እስካለ ድረስ ተቆጣጣሪው የሚያውቀው እሱን ነው። ችርቻሮ መድኃኒት ቤትን የሚፈቅደውና የሚቆጣጠረው ክልሉ ስለሆነ፣ መልቀቂያው ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የብቃት ማረጋገጫውን ለሰጠው የጤና ጽሕፈት ቤትም ይገባል። ሁለት ቅጂ ይዞ ይሂድና አንዱን መዝገብ ቤት አስገብቶ፣ ሌላው ላይ ቀንና ማኅተም አስመትቶ ይመለስ። ያች ማኅተም ናት «እስከዚህ ቀን እኔ፣ ከዚህ ቀን በኋላ ሌላ» የምትለው።

ከመሄዱ በፊት ዳያዜፓምና ፌኖባርቢታልን የመሳሰሉትን ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ከፍቶ አንድ በአንድ ይቁጠር፤ ቆጠራው ከመዝገቡ ጋር ይመሳከር፣ ጉድለት ካለ እዚያው ይጻፍ፣ ባለቤቱና ተረካቢው ይፈርሙበት። ተረካቢ ባለሙያ ገና ካልተገኘ ቁልፉን ለገንዘብ ተቀባዩ አይስጥ፤ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ ያሳውቅና ቁም ሣጥኑ እንዲታሸግ ይጠይቅ። ከግድግዳው ላይ የሙያ ላይሰንሱን ሲያወርድም ኦሪጅናሉን ራሱ ይያዝ፤ ፎቶ ኮፒም ቢሆን ተሰቅሎ እንዳይቀር።