ተማሪዎቼ «ሬይን ኢዝ ሬይኒንግ» ላይ ቀሩ፤ የአየር ሁኔታን ከሰዋስው ጋር እንዴት ታስተምራላችሁ?

ጠመኔ
ሰላም መምህራን። ጅማ ውስጥ አምስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። 58 ተማሪ፣ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ ፕሮጀክተር የለም። ያለኝ ሰሌዳ፣ ጠመኔና ከሱቅ የሚለቀም ካርቶን ነው። የአየር ሁኔታ ቃላቱን በሥዕል ቶሎ ያዙ። ዓረፍተ ነገር ሥሩ ሲባሉ ግን የሚመጣው «ሬይን ኢዝ ሬይኒንግ»፣ «ኢዝ ሬይን»፣ «ቱዴይ ኢዝ ሰን» ነው። «ዋት ኢዝ ዘ ዌዘር ላይክ?» ስል ደግሞ ግማሹ «የስ፣ አይ ላይክ» ብሎ ይመልሳል። የገሚሱ አፍ መፍቻ አፋን ኦሮሞ፣ የገሚሱ አማርኛ ነው። በዚህ የተማሪ ብዛት የሚሠራ ነገር ያላችሁ እባካችሁ ዘርዝሩልኝ።

ሰፊ_ሰሌዳ
እህቴ፣ ልጆቹ የሚሳሳቱት ቃል ጠፍቷቸው አይደለም። በአማርኛ «ዝናብ እየዘነበ ነው»፣ በአፋን ኦሮሞም «ቦካን ሮባ ጅራ» ነው የሚባለው። በሁለቱም የሚዘንበው ራሱ ዝናቡ ነው። እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱን ቦታ ባዶ መተው ስለማይወድ ምንም ትርጉም የሌላትን «ኢት» ያስቀምጣል። ስለዚህ እዚህ ምዕራፍ ላይ «ኢት»ን «እሱ» ብለሽ አትተርጉሚ። ከተረጎምሽው «እሱ ማን ነው?» ብለው ይፈልጉና ዝናብን መልሰው ያመጡታል። «ቦታ ያዥ ናት» በያቸውና እለፊ።

ካርዱን እንዲህ ሥሪ። ካርቶኑን የደብተር ገጽ በሚያህል መጠን ቁረጪ፤ 12 ካርድ ይበቃል። አንዱ ላይ «ኢት»፣ አንዱ ላይ «ኢዝ»፣ አንዱ ላይ «ዎዝ»። በቀሩት ላይ ከፊት ስሙን፣ ከጀርባ ቅጽሉን ጻፊ፦ ሬይን ሬይኒ፣ ክላውድ ክላውዲ፣ ዊንድ ዊንዲ፣ ሰን ሰኒ፣ ፎግ ፎጊ። ሆት፣ ኮልድ፣ ድራይና ዌት ከፊትም ከኋላም ያው ናቸው። ሦስት ተማሪ ፊት ለፊት ይቆማል፤ የመጀመሪያው «ኢት»፣ ሁለተኛው «ኢዝ» ይይዛል። ሦስተኛው ቦታ ላይ ግን የካርዱ ጀርባ ካልሆነ አይቆምም። ስሙን ይዞ የመጣ ልጅ ካለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ገልብጠው!» ይበለው። 58 ልጅ አንድ ቃል ሲጮህ ሥራ የፈታ አይኖርም።

አማርኛ ተናጋሪዎቹን ዝናብ ዝናባማ፣ ደመና ደመናማ፣ ጭጋግ ጭጋጋማ ብለሽ ከ«ማ» ጋር ብታያይዢላቸው ወዲያው ይገባቸዋል። ስፔሊንግ ላይ ሰንና ፎግ መጨረሻቸው ላይ ያለውን ፊደል ይደግማሉ፣ ሬይን፣ ክላውድና ዊንድ አይደግሙም። ምክንያቱን በአንድ መስመር ንገሪያቸው፦ አንድ አናባቢና አንድ ተነባቢ ብቻ መጨረሻው ላይ ካለ ተነባቢው ይደገማል።

አንድ ጥንቃቄ። «ሬይኒንግ» ባስተማርሽ ማግስት «ሰኒንግ» እና «ክላውዲንግ» ይመጣል። «ኢንግ» የምትገባው ለሚወርድ ነገር ብቻ መሆኑን በዚያው ቀን አሳያቸው።

«ላይክ» ያለበትን ጥያቄ ለሁለት ሳምንት ተዪው። «ሃው ኢዝ ዘ ዌዘር?» ያው መልስ ያመጣል። ኋላ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፈሽ «መልሳቸው አንድ ነው» ካልሽ «አይ ላይክ» የሚል አይኖርም።

አዌቱ_ዳር
ካርዱ ጥሩ ነው፤ የጊዜ ነገር ግን በካርድ ብቻ አይያዝም። በአማርኛ «በሐምሌ ይዘንባል» እና «ነገ ይዘንባል» አንድ ግሥ ናቸው። ለዚህ ነው ልጆቹ «ኢት ሬይንስ ቱሞሮው» የሚጽፉት። እኔ የምመክርዎ የዝናብ መለኪያ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚያገኝ ከተማ ነው፤ የሚለካ አይጠፋም።

ጎኑ ቀጥ ያለና ያልተሸበሸበ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ይፈልጉ። ወገቡ የጠበበውን አይውሰዱ፣ ቁጥሩን ያዛባዋል። አንገቱ ቀጥ ማለት ከሚጀምርበት ላይ ቆርጠው አናቱን ገልብጠው እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ወደ ውስጥ ይክተቱት። የሃይላንዱ ሥር ጎርባጣ ስለሆነ አንድ እፍኝ ጠጠር ይጨምሩ፤ ጉብታው እስኪሸፈን ውሃ ይሙሉና ያ መስመር ዜሮ ይሁን። ከዜሮ ወደ ላይ በየ5 ሚሊ ሜትሩ በማይለቅ ማርከር ምልክት ያድርጉ፤ እስከ 80 ይድረስ። ወረቀት የለጠፉ እንደሆነ በሳምንቱ ይላጣል። ከዚያ በድንጋይ ደግፈው ሜዳ ላይ ያቁሙት። ግድግዳው ሦስት ሜትር ከሆነ ስድስት ሜትር ይራቅ፤ ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ውሃ ከገባበት የልጆቹ ቁጥር ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ንባቡ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት። ሁለት ተማሪ በተራ ወጥቶ ያነብና ውሃውን ወደ ዜሮ መስመር ይመልሳል። ይህን መመለስ አይርሱ፤ ፀሐይ በወጣ ቀን ውሃው ተንኖ ከዜሮ በታች ይወርድና የሚቀጥለው ንባብ ይበላሻል። ሰሌዳው ጥግ ላይ አራት ሳጥን ይስመሩ፦

ትናንት፦ «ኢት ሬይንድ ዬስተርዴይ።»
አሁን፦ «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ ናው» ወይም «ኢት ኢዝንት ሬይኒንግ።»
ነገ፦ «ኢት ኢዝ ጎይንግ ቱ ሬይን ቱሞሮው።» ደመናውን አይተው ይገምታሉ፤ በማግስቱ መለኪያው ይፈርዳል።
ሁልጊዜ፦ «ኢት ሬይንስ ኢን ጁላይ።» ይህ ሳጥን አይጠፋም።

ሦስቱን በየቀኑ ያጠፋሉ፣ አራተኛውን አይነኩም። ልዩነቱን ከማብራሪያ ይልቅ ማጥፊያው ያስተምራል። ሐምሌ 1 የፈረንጆቹ ጁላይ 8 መሆኑን አብረው ይንገሯቸው፤ ወሮቹ ልክ በልክ አይገጥሙም።

የሚያጋጥመው ስህተት ሁለት ነው። «ሬይንድ» አንድ ምት ነው፣ እነሱ «ሬይነድ» ይሉታል። ዜሮ በተነበበ ቀን ደግሞ «ኢት ዲድንት ሬይንድ» ይጽፋሉ። «ዲድ» ያለፈ ጊዜን ወስዶታልና ግሡ ባዶውን ይመለስ። ከኅዳር እስከ ጥር ዜሮ ስለሚበዛ አሉታውን ለማለማመድ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም።

ጠመኔ
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። መለኪያውን ሰኞ እጀምራለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ በምዕራፉ ሥዕል ላይ «ስኖው» እና «ዊንተር» አለ። ልጆቹ አንዱን «በረዶ»፣ አንዱን «ክረምት» ብለው ተረጎሙት። ትክክል ነው ልበላቸው?

ቀይ_እስክሪብቶ
እንዳትዪ! በጣም የሚያሳስተው እዚህ ጋ ነው። «በረዶ» በእኛ ቋንቋ ሦስት ነገር ነው። ጅማ ላይ ቆርቆሮ እየደበደበ የሚወርደው ጠጠሩ «ሄይል» ነው። «ስኖው» ለስላሳ ነጭ ብናኝ ሆኖ መሬት ላይ የሚነጠፍ ነው፣ ጅማ አይወርድም። ከፍሪጅ የሚወጣው «አይስ» ነው። ሦስት ሥዕል ሰሌዳ ላይ ሣዪና ሦስቱንም በሦስት ቃል አስይዣቸው፤ ካልሆነ ቆርቆሮው በተደበደበ ቀን «ኢት ኢዝ ስኖዊንግ» ይላሉ።

«ክረምት»ም እንደዚያው። መዝገበ ቃላት «ዊንተር» ይለዋል፤ የአውሮፓ ዊንተር ግን ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ነው፣ ለእኛ በጋ። «ኢት ሬይንስ ኢን ዊንተር» ብሎ የጻፈ ልጅ ለውጭ አንባቢ ጥር ላይ ጅማ ዶፍ ይወርዳል ማለቱ ነው። «ዘ ሬይኒ ሲዝን» እና «ዘ ድራይ ሲዝን» በሚሉት ይጻፉ። ዊንተርን ከለንደን ጋር ብቻ አስተምሪው፦ «ኢን ለንደን ኢት ኢዝ ኮልድ ኢን ጃንዋሪ።»

ሌላው «በረደኝ» ነው። ልጆቹ «ኢት ኢዝ ኮልድ ሚ» ይላሉ። ሰሌዳው ላይ እንዲህ ደርድሪው፦ ብርድ ነው፣ «ኢት ኢዝ ኮልድ»፤ በረደኝ፣ «አይ አም ኮልድ»፤ ጉንፋን ይዞኛል፣ «አይ ሃቭ ኤ ኮልድ»። በምልክት አጫውቻቸው። በመስኮት ወደ ውጭ ስትጠቁሚ «ኢት»፣ ክንድሽን ስታሻሺ «አይ አም»፣ አፍንጫሽን ስትይዢ «አይ ሃቭ»። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ትርጉምም አይፈልግም።

ስለ «ማ» ግን ከሰፊ_ሰሌዳ ትንሽ እለያለሁ። በአፋቸው «ፀሐይ ነው» እንጂ «ፀሐያማ» የሚሉ ልጆች ጥቂት ናቸው፤ አፋን ኦሮሞ ለሚናገሩት ደግሞ ምንም አይረዳም። ካርዱን ማስገልበጡ ይሻላል፤ እሱ ለሁሉም እኩል ነው።

ለጥንድ ሥራ የከተማ ሰንጠረዥ ስጫቸው፦ ጅማ፣ ሰመራ፣ ጋምቤላ፣ ደብረ ብርሃን። አንዱ የሁለቱን ከተማ አየር በደብተሩ ይዟል፣ ሌላው የሁለቱን። «ሃው ኢዝ ዘ ዌዘር ኢን ሰመራ?» «ኢት ኢዝ ሆት ኤንድ ድራይ።» ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው ከተቀመጡ ሦስተኛው ዳኛ ይሁን፤ ሥራው «ኢት» ስትዘለል ዴስኩን መምታት ብቻ። የሚያበላሸው መኮራረጅ ነው፣ ስለዚህ አንድ ደብተር በመሃል እንደ ግድግዳ ይቁም። ስምንት ደቂቃ ይበቃል፤ ካለፈ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ።

ጠመኔ
ዳኛው ደስ ብሎኛል። 58ቱን ደብተር ግን መቼ ላርም?

ቀይ_እስክሪብቶ
ሁሉንም አታርሚ። በቀን አንድ ረድፍ ሰብስቢ፣ የምታዪው አንድ ነገር ብቻ ይሁን፦ ይህን ሳምንት «ኢት» አለች ወይስ የለችም። የሚቀጥለው ሳምንት ቅጽሉ፣ ከዚያ ግሡ። የዝናብ መለኪያውን መዝገብ ግን በየቀኑ እዪው፤ እዚያ ላይ የገባ ስህተት ሰሌዳው ላይ ወጥቶ ክፍሉ በሙሉ ይገለብጠዋል።