ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዞረው የት ላይ ነው? የጎጃሙስ ይቆጠራል?

የቡሬ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ የሀገሬ ልጆች፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለነሂትለር መበላሸት የጀመረው የት ላይ ነው? ዩቲዩብ ላይ ያየሁት ሁሉ ስታሊንግራድ፣ ኤል አላሜይን፣ ሚድዌይ፣ ኖርማንዲ ነው የሚለው፣ እሺ ይሁን፣ ግን ጣልያን እዚህ ቡሬ የነበረውን ምሽግ ጥሎ የወጣው የካቲት 25 1933 ነው፣ በፈረንጅ ማርች 4 1941 መሆኑ ነው፣ ስታሊንግራድ ሊጀመር ገና ዓመት ተኩል ሲቀረው። ታዲያ የኛ ሰፈር ጦርነት ከትልቁ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ ወይስ ዳር ላይ ለብቻው የተደረገ ነው? ፉከራ ሳይሆን ምን ከምን ጋር እንደሚያያዝ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳኝ ሰው ነው የምፈልገው።

ጮቄ፦
እኔ የአውሮፓውን ልንገርህ፣ የጎጃሙን የሚያውቁት ይመጣሉ። ብዙ ሰው ስታሊንግራድ ይላል እኔ ግን ሞስኮ ባይ ነኝ። ጀርመን ጁን 22 1941 ራሺያን ሲወር ብርዱ ሳይመጣ ጨርሳለሁ ብሎ ነው የገባው፣ ለወታደሩ ለብርድ የሚሆን ልብስ እንኳን በወጉ አላደረሰለትም፣ ሞስኮ አፍንጫ ስር ደርሶ ዲሴምበር 5 ላይ ራሺያ መልሶ ሲያጠቃው ያ በጥቂት ወር ያልቃል የተባለው ጦርነት የማያልቅ ሆነ። በዚያው ሳምንት ጃፓን ፐርል ሃርበርን መታና አሜሪካም ገባች። ከዚህ በኋላ ነገሩ ማን ብዙ ሰው፣ ማን ብዙ ብረት፣ ማን ብዙ ነዳጅ አለው የሚል ሆነ፣ በዚህ ደግሞ ጀርመን አይችላቸውም።

ስታሊንግራድ ላይ የሆነው መሰበሩ ለዓለም ሁሉ መታየቱ ነው። ከተማው ውስጥ ቤት ለቤት ሲተላለቁ ከርመው ኖቬምበር 19 1942 ራሺያ የመታው ከተማውን ሳይሆን ከከተማው ውጪ ግራና ቀኙን የሚጠብቀውን የሮማኒያ ጦር ነው፣ መሳሪያውም ስንቁም ደካማ እሱ ነበራ፣ በአራት ቀን ከሁለቱም በኩል መጥተው ካላች በምትባል ከተማ ላይ ሲገናኙ የጀርመን 6ኛ ጦር ውስጥ ተዘግቶበት ቀረ። ሂትለር ሰብረህ ውጣ አላለም፣ በአውሮፕላን ስንቅ ይቀርባል ተባለ፣ የተባለውን ያህል ሊቀርብ አልቻለም፣ ፌብሩዋሪ 2 1943 ሲያበቃ እጁን የሰጠው ወታደር 91 ሺ አካባቢ ነው፣ አዛዡ ፊልድ ማርሻል ፓውሉስ ጭምር። ጁላይ 1943 ኩርስክ ላይ ደግሞ የመጨረሻውን ትልቅ ማጥቃት ሞክሮ ሳይሆን ቀረ፣ ከዚያ ወዲያ ምስራቅ ላይ መከላከል ብቻ ነው። ሚድዌይ የጃፓን ነው፣ ጁን 1942 አራት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ሰመጡበት፣ አሜሪካ የሚስጥር መልእክቱን ፈትታ ስለነበር አድብታ ነው የጠበቀችው። ኖርማንዲ ሲደረስማ ጁን 1944 ነው፣ ጦርነቱ ዞሮ አልቋል፣ የቀረው መቼ ያልቃል ነው።

ዳሞት፦
ጮቄ የአውሮፓውን በደንብ አስቀምጦታል፣ እኔ ጥያቄህ ላይ ልግባ። መጀመሪያ ካርታ አውጣና ቀይ ባህርን እይ። ጣልያን ሰኔ 3 1932 ጦርነት ሲያውጅ ሜዲትራንያን ለእንግሊዝ የንግድ መርከብ አስጊ ሆነ፣ ስለዚህ ግብፅ ላለው ጦር ታንኩም ጥይቱም አፍሪካን በደቡብ ጫፍ ዞሮ በቀይ ባህር ወደ ላይ ወጥቶ ስዊዝ ነበር የሚደርሰው፣ በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ምፅዋ አለች፣ የጣልያን ጦር መርከብና ሰርጓጅ መርከብ ያለባት። እንግሊዝ ምስራቅ አፍሪካ ላይ የዘመተው ለኛ አዝኖ ብቻ አልነበረም፣ ጉሮሮውን የያዘበት ነገር ነበር። ከረን መጋቢት 18 1933 ተያዘች፣ ምፅዋ መጋቢት 30፣ በሦስተኛው ቀን ሩዝቬልት ቀይ ባህር ከእንግዲህ የጦርነት ቀጠና አይደለም ብሎ አወጀ። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስልህ፣ አሜሪካ ያን ጊዜ ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም፣ ህጓም መርከቦቿን ውጊያ ወዳለበት ባህር አያስገባም ነበር፣ አዋጁ ሲወጣ ግን የአሜሪካ መርከብ ራሱ እቃ ጭኖ ስዊዝ ድረስ መምጣት ቻለ። ኋላ ግብፅ ውስጥ ኤል አላሜይን ላይ የእንግሊዙ ሞንትጎመሪ የጀርመኑን ሮሜልን የመታባቸው የአሜሪካ ሸርማን ታንኮችም ስዊዝ ላይ ነው የወረዱት። ወታደሩም እንደዚያው ነው፣ ከረን ላይ የተዋጋው 4ኛው የህንድ ክፍለ ጦር ከግብፅ በረሃ የመጣ ነበር፣ ከረን እንዳለቀ ሮሜል ሊቢያ ላይ መግፋት ጀምሮ ስለነበር ወዲያው ወደዚያው ነው የመለሱት።

አሁን ጎጃም። ጣልያን ምስራቅ አፍሪካ ላይ ያን ሁሉ ሰራዊት ይዞ በ1932 ክረምት ከሰላንና ገላባትን ከያዘ በኋላ ሱዳን ውስጥ ገፍቶ አልሄደም። ነዳጁም መለዋወጫውም ከሀገሩ ተቆርጦበታል፣ ይሄ አንድ ነው። ሁለተኛው ግን የኛ ነው፣ ያዝኩት የሚለው አገር አልተያዘለትም። ጎጃም ከ1929 መጨረሻ ጀምሮ አምፆ፣ ጀኔራል ካቫሌሮ በ1930 ያን ሁሉ ጦር ይዞ ዘምቶ አገሩን አቃጥሎ እንኳን ምሽጉን ነው እንጂ ገጠሩን አላገኘም፣ በምስራቅ በላይ ዘለቀ፣ ወደኛ ደግሞ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ አሉ። ከምሽግ ምሽግ ስንቅ ለማድረስ ብቻ ስንት አጃቢ ይፈልግ እንደነበር አስበው። ያ ሁሉ አጃቢና ጠባቂ ከረን መሄድ አይችልም ማለት ነው።

እንጅባራ፦
ዳሞት ስለ ቀይ ባህሩ ያልከውን እቀበላለሁ፣ አርበኛውንም አከብራለሁ፣ አባቶቻችን ናቸው፣ ግን እንዳናጋንን። የጣልያንን ምርጥ ጦር የሰበረው ከረን ነው፣ ህንዱም እንግሊዙም ከሰባት ሳምንት በላይ ያን ገደል እየወጡ አልቀውበታል። ጎጃም የገባው የእንግሊዙ መኮንን የዊንጌት ጦር፣ ጌዴዎን የሚባለው፣ መደበኛው ሁለት ሺ እንኳን አይሞላም፣ ሱዳኖችና 2ኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ናቸው፣ መድፍ የለው አውሮፕላን የለው። ቡሬ የነበረው የጣልያን ጦር በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል፣ ለቆ የወጣው ተሸንፎ ሳይሆን ትልቅ ጦር መጣብኝ ብሎ ስለደነገጠ ነው። ለኔ ይሄ የዓለም ጦርነት መዞሪያ አይደለም።

ዳሞት፦
መዞሪያ ነው አላልኩም ወንድሜ፣ ተያያዥ ነው ነው ያልኩት። ግን "ስለደነገጠ ነው" ያልከውን እንዲሁ አላልፈውም። ያስደነገጠው ማን ነው? ማታ ማታ እየመጡ ምሽጉ ላይ ሲተኩሱ የነበሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ እሺ፣ ግን በየጫካው በየጉብታው አርበኛ ባይኖር ኖሮ የጣልያኑ አዛዥ ሰላይ ልኮ ቁጥራቸውን በአንድ ቀን ይደርስበት ነበር። የሚላክለት ሰው ሁሉ አገሬው ነው፣ አገሬው ደግሞ አይነግረውም ወይም አሥር እጥፍ አድርጎ ነው የሚነግረው። ይሄ ዓመታት የተሠራ ሥራ ነው እንጂ ዊንጌት ይዞት የመጣ አይደለም። ዊንጌት ከመግባቱ ወራት አስቀድሞ በነሀሴ 1932 ሳንፎርድ የሚባል ሌላ የእንግሊዝ መኮንን ገብቶ የተኳረፉትን መንገሻንና ነጋሽን አስታርቋል፣ ጃንሆይ ጥር 12 1933 ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሲተክሉ አገሩ የሚጠብቃቸው ነበር። ወደ በላያ ተራራ ለመውጣት መኪናው አልሆነም፣ ስንቁ በግመል ነው የመጣው፣ ግመሉ በሺ የሚቆጠር መንገድ ላይ አለቀ። ደግሞ ደም ያልፈሰሰበት አድርገህ አታስበው፣ ቡሬን ለቆ የወጣው ጦር ደምበጫ አጠገብ 2ኛው ሻለቃ ላይ ድንገት ደርሶበት ሦስት መቶ የሚሆኑ ልጆቻችን ያን ሁሉ ሠራዊት ገጥመው ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ነው ያለቀው። ስማቸው በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ ያልገባ ልጆች ናቸው፣ ይሄ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

እንጅባራ፦
የደምበጫውን ልክ ነህ፣ ሊረሳ አይገባም። በነገራችን ላይ መጋቢት 28 እኮ አንድ ቀን ነው፣ የደቡብ አፍሪካ ጦር አዲስ አበባ የገባበትና ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ የገቡበት።

የቡሬ ልጅ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ምን ከምን እንደሚያያዝ አሁን ገባኝ። አንድ ብቻ ልጨምር፣ ከማርቆስ የወጣው የጣልያን ጦር አባይን እንዴት ተሻገረ? የአባይ ድልድይ ያለበት ሸፈርታክ ላይ ቢዘጋበት ያልቅለት አልነበር?

የደጀን ሰው፦
እዚህ እኛ ጋር ይሄ ነገር እስከዛሬ ያከራክራል ልጄ። መንገዱን ይቁረጥ ተብሎ የሚጠበቀው በላይ ዘለቀ ነበር፣ ማርቆስን ይዘው የነበሩት ደግሞ ራስ ኃይሉ ናቸው፣ ከጣልያን ጋር አብረው የኖሩት። ራስ ኃይሉ ለበላይ ጋብቻ ቃል ገብተውለት ነው ያሳለፈው የሚል ወሬ አለ፣ የእንግሊዞቹም መፃህፍት ይሄንኑ ይፅፋሉ፣ በላይን የሚወድ ሰው ግን አይቀበለውም፣ እኔም ያን ሁሉ ዓመት ጣልያንን ሲፋለም የኖረ ሰው በአንድ ወሬ ሲለካ ደስ አይለኝም። የሆነ ሆኖ ጦሩ ተሻገረ። ደብረ ማርቆስ ሲያዝ ስልኩ ይሠራ ስለነበር ጣልያንኛ የሚችል አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ አባይ ዳር ላለው ጣልያን ደውሎ አሥር ሺ የእንግሊዝ ጦር እየመጣባችሁ ነው ብሎ አስፈራርቶታል፣ እነሱም ለቀው ሄዱ። ኮሎኔል ማራቬንታኖ የሚመራው ዋናው ጦር ግን ወደ ደሴ በኩል ለመውጣት ሲሄድ እነ ዊንጌትና አርበኛው ወሎ ድረስ እግር በእግር ተከታተሉት፣ ግንቦት 15 1933 አጅባር ላይ ስምንት ሺ የሚሆን ሰው ይዞ እጁን ሰጠ፣ የተረከበው ጦር ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር።