እምቦጭን በጉማሬ ማስበላት፦ ሒሳቡ ያዋጣል?

ጠያቂ፦ ታንኳ_ቀዛፊ

ሰላም ለቤቱ። እምቦጭ ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ከታየ ወዲህ በእጅ ተነቀለ፣ በማሽን ታጨደ፣ ዘመቻም ተጠራ። እሱ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ይመለሳል። ስለዚህ ከበድ ያለ መፍትሔ አለኝ፦ ጉማሬ። እንዳትስቁ፣ ሐሳቡ የእኔ አይደለም። በ1910 እ.ኤ.አ. የሉዊዚያናው የኮንግረስ አባል ሮበርት ብሩሳርድ «ከአፍሪካ ጉማሬ አስመጥተን ወንዞቻችንን የዘጋውን እምቦጭ ይብላልን፣ እኛም ሥጋውን እንብላ» የሚል ሕግ አቅርቦ 250,000 ዶላር ጠይቆ ነበር። ሳይጸድቅ ቀረ። እነሱ ጉማሬውን በመርከብ ማምጣት ነበረባቸው፤ እኛ ግን ዓባይ ከጣና በሚወጣበት፣ ባሕር ዳር አጠገብ አለን። የጎደለን ቁጥር ብቻ ነው። ስንት ይበቃል? የተሻለ እብደት ያለውም ያምጣ፣ ግን ከነመጠኑ።

መልስ፦ ሚዛን_አይዋሽም

ጥቅጥቅ ብሎ የተነጠፈ እምቦጭ በሄክታር 300 ቶን እርጥብ ክብደት አለው እንበል። ለናሙና 1,000 ሄክታር ብንወስድ 300,000 ቶን ነው። አንድ ጉማሬ በሌሊት 40 ኪሎ ገደማ ሣር ይበላል፣ በዓመት 14.6 ቶን። አረሙ ቁጭ ብሎ ቢጠብቃቸው በዓመት ለመጨረስ 20,500 ያህል ጉማሬ ይበቃ ነበር። ግን አይጠብቅም። ሲመቸው በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል። ግማሹን ጨርሰው 150,000 ቶን ቢቀር፣ በቀን በአማካይ 10,700 ቶን አዲስ ይበቅላል። የበቀለውን ብቻ ለማካካስ 267,000 ጉማሬ ያስፈልጋል። በዓለም ላይ አለ የሚባለው ተሰብስቦ ቢመጣ ከ115,000 እስከ 130,000 ቢሆን ነው።

ቁጥሩ ቢሟላ እንኳ ሌላ ጣጣ አለ። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል እንጂ የሚግጠው ሌሊት የብስ ላይ ወጥቶ ነው። በምሥራቁ ዳር ሲወጣ የሚጠብቀው ደግሞ የፎገራ ሩዝ ነው። ሩዝ ትቶ እምቦጭ የሚመርጥ ጉማሬ እስኪገኝ ገበሬው ምን ይሁን? በዚያ ላይ የብስ የበላውን ውኃ ውስጥ ገብቶ ይጥለዋል። ፋንድያው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ አለው፤ እምቦጭን የሚያወፍሩት እነዚሁ ናቸው። በሩዝ ገበሬው ወጪ ለአረሙ ማዳበሪያ ገዛን ማለት ነው።

መልስ፦ አሞሌ_ጫኝ

እኔ ጨው እላለሁ። እምቦጭ ጨው አይችልም፤ በሊትር 6 ግራም ገደማ ሲደርስ ይጠወልጋል። ጣና 28 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ስለሚይዝ የሚያስፈልገው 168 ሚሊዮን ቶን ብቻ ነው። አንዱን አሞሌ 5 ኪሎ፣ የአንድ ግመል ጭነት 30 አሞሌ ብላችሁ ከአፋር ብታስጭኑ 1.12 ቢሊዮን የግመል ጉዞ ይሆናል። ቢያንስ ለግመል ባለቤቶች ሥራ ይፈጥራል።

የሚበላሸው ምንድን ነው? ጨው ያልለመደው የሐይቁ ሕይወት ከአረሙ ጋር ይጎዳል። ሐይቁም ዝግ ገንዳ አይደለም፤ ዓባይ ጨውህን ይዞት ይሄዳል፣ በየዓመቱ መድገም አለብህ። የሚሄደውም ወደ ሕዳሴ ግድብ፣ ከዚያ ወደ ሱዳንና ግብፅ ነው። እስከ ዛሬ ድርድሩ «ውኃ አነሰ» ነበር፤ «ጨው በዛ» ሲጨመርበት ስብሰባው መቼ እንደሚያልቅ አስቡት።

ታንኳ_ቀዛፊ

ጉማሬዎቹን አሰናብቻለሁ። ግመሎቹም ይረፉ። ለላም ብናበላው፣ የተረፈውን ከሰል ብናደርገውስ?

መልስ፦ እመት_ምድጃ

ልጄ፣ እምቦጭ ከመቶ 95ቱ ውኃ ነው፤ ሁሉም እቅድ የሚሰምጠው እዚያ ላይ ነው። 250 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን 6 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። ያንን ከእምቦጭ ብቻ ለማግኘት 120 ኪሎ መጎንጨት አለባት። ሳትጠግብ ሽንቷ ሌላ ጣና ይሠራል።

ከሰሉም ያው ነው። 1 ቶን እርጥብ እምቦጭ ሲደርቅ 50 ኪሎ፣ ሲከስል ደግሞ 14 ኪሎ ገደማ ይሆናል፣ እሱም አመዱ የበዛ። 950 ኪሎ ውኃ በእሳት አደርቃለሁ ካልክ፣ የምታነደው ከሚወጣው ከሰል ሙቀት ከሰባት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ሥሩን ቆርጠህ፣ አገዳውን ከትፈህ፣ በስሱ አስጥተህ፣ ሲሰበር ቀጭ የሚል እስኪሆን በየቀኑ አገላብጥ። ይሄ የበጋ ሥራ ነው፤ በሐምሌ ከሞከርከው የምታገኘው ከሰል ሳይሆን ብስባሽ ነው። ለጓሮ ጎመን ግን ብስባሹ መልካም ነው፤ አበባ ካወጣው ላይ አትውሰድ እንጂ፣ ዘሩን አብረህ ትዘራዋለህ።

መልስ፦ ነቀዝ_ወዳጅ

የሁላችሁንም የሚያስንቅ እብደት እኔ ጋ አለ፣ ልዩነቱ መሥራቱ ነው። ጎተራ ውስጥ ስንረግመው የኖርነውን ነቀዝ ሐይቅ ላይ እንልቀቀው። የእህሉን አይደለም፣ ኒዮኬቲና የሚባለውን የእምቦጭ ነቀዝ ነው። ትልቁ ቅጠሉን ይፍቃል፣ ትሉ አገዳውን ሰርስሮ ይገባል፣ ውኃ ይገባበትና ተክሉ ይሰምጣል። ጤፍም ሩዝም ላይ ዘሩን መተካት አይችልም። ዩጋንዳ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በ1995 እ.ኤ.አ. ለቀቀችው፣ በሦስት ዓመት ገደማ አረሙ ክፉኛ ወደቀ። የኤል ኒኞ ማዕበልም አግዞታል፤ ሁሉንም ለነቀዙ አንስጠው።

ጣና ላይ ችግሩ ብርድ ነው። ቪክቶሪያ 1,134 ሜትር ላይ ነው፣ ጣና 1,780 አልፎ። በሙቀት ሦስት ወር ገደማ የሚፈጀው የነቀዙ ዑደት እዚህ ይጎተታል፣ እምቦጩ ግን አይጎተትም። ስለዚህ ነቀዙ እስኪራባ ነቀላው አይቆምም። ሲነቀል ከነሥሩ ይሁን፤ የተቆረጠው ቁራጭ ራሱ ይበቅላል። በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ ዳርቻ የሚጎዳው ደግሞ የነቀሉትን ውኃው ጫፍ ላይ መከመር ነው። የሐይቁ ከፍታ በበጋና በክረምት መካከል አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይለዋወጣል። በግንቦት የከመርከውን መስከረም ላይ ውኃው ራሱ መጥቶ ይወስደዋል። ክምሩ ከመስከረም የውኃ ምልክት በላይ ይሁን። ነቀዝ በተለቀቀበት ቦታም ፀረ አረም አትርጩ፤ ተክሉ ቶሎ ሲሞት ነቀዙ የሚኖርበት ያጣል።

ታንኳ_ቀዛፊ

ነቀዙን በምን ነው የምናጓጉዘው?

ነቀዝ_ወዳጅ

አየር በሚያስገባ ሳጥን፣ ከእርጥብ የእምቦጭ ቅጠል ጋር፣ ፀሐይ ሳይነካው። የኳራንቲን ፈቃዱን ግን ከላይ አድርገው። ኬላ ላይ «ምን ጭነሃል?» ሲሉህ «ነቀዝ» ብለህ ከጀመርክ፣ ወረቀቱ እስኪነበብ ከኋላህ የተሰለፈ እህል ነጋዴ ሁሉ ይወርድብሃል።